ተመልሳ ትመጣለች?

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መጣል እንደ ጀመረ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ጡረታ ከወጣም በኋላ ከደብዳቤ አያርፍም። የኤምባሲ፣ የባንክ፣ የውጭ አገር ሆስፒታል፣ የዲቪ ሎተሪ ወረቀት ሁሉ እንደ ክታብ ተጠቅልሎ ይመጣለታል። እኔም እንደ ልማዴ መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ።

ወረቀቱ የተጻፈው ለሴትዮዋ የልጅ ልጅ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆናት እናቷ ወደ አንዲት የምዕራብ አገር ሄደች፤ እዚያም የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። ልጇን ጠቅልላ ለመውሰድ ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ደመወዝ የላትም። ስለዚህ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ብቻ መጥታ እንድትጠይቃት የጉብኝት ቪዛ አመለከተችላት። አያትና የልጅ ልጅ የዐባይን በረሃ ተሻግረው አዲስ አበባ ሄዱ፤ አሻራ ሰጡ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቀጠሮ አሳዩ፤ ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። አልተፈቀደም።

እንግሊዝኛ አንተንም፣ አንቺንም፣ አንቱንም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። የመንግሥት ደብዳቤ በመሆኑ ሳላስብ በአክብሮት ተረጎምሁት፦ «እርስዎ ጉብኝትዎን ሲጨርሱ ከአገራችን እንደሚወጡ አላሳመኑንም። በአገርዎ ሥራም ሆነ የግል ገቢ ወይም ንብረት እንዳለዎት አላስረዱም። የቅርብ ቤተሰብዎ የሚገኙት በእኛ አገር ነው።»

ሴትዮዋ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ማንን ነው አንቱ የሚል?» አሉ።

ልጅቷ በራፉ ላይ ቁጭ ብላ ከድመቴ ጋር ትጫወት ነበር። «እሷን ነው» አልኋቸው። ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

«መምህር፣ ይግባኝ ጻፍልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ተመልሳ ትመጣለች በል።»

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ ጎንደር ውስጥ በየመንደሩ አለና ልዩ ነገር ብዬ አላወራልህም። ላካፍልህ የወደድሁት ያችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ የገጠመኝን ጭንቅ ነው። «ተመልሳ ትመጣለች» ሁለት ቃል ናት። ስንቱን ማመልከቻ የጻፈ እጄ እዚህች ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህን እኔ በምን ዐውቃለሁ? ልጅቷስ ብትሆን በምን ታውቃለች?

በመጀመሪያ እስቲ ለባለሥልጣኑ ልሟገትለት። አንድ የቪዛ ሹም በቀን የሚያየው ሰው ብዙ ነው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ነው። ለጉብኝት ብሎ ሄዶ የቀረ ሰው መኖሩን እኛም እናውቃለን፤ ከመካከላችን የቀረ ዘመድ የሌለው ማን ነው? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ «ወደዚያ አገር ማን ይመለሳል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሕጉም ተጠራጠር ብሎ ያዘዋል። ለምሳሌ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ቪዛ ጠያቂው ሁሉ «214 ቢ» እያለ በሚጠራው ክፍል፣ ከጥቂት ዓይነት ቪዛዎች በቀር አመልካች ሁሉ ሊቀር የመጣ ተብሎ ይገመታል። እንደማይቀር የማስረዳቱ ሸክም የራሱ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው በፍርድ ሂደት እስካልተረጋገጠበት ድረስ ጥፋተኛ ሆኖ ያለመቆጠር መብት ይሰጠዋል። በቪዛው መስኮት ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሌላው ጫፍ ነው። የሕግ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ቪዛ መከልከል ቅጣት አይደለም፣ የሌላ ሰው ቤት አለመግባት ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም ይላሉ። ልክ ናቸው።

የኮኒግስበርጉ ፈላስፋ ካንትም እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ የመጎብኘትን መብት ከመክረም መብት ለይቶታል። ምድር ክብ ናትና ሰዎች እስከ መጨረሻው ተራርቀው ሊኖሩ አይችሉም፤ ስለዚህ በሰላም ሌላው ደጅ የደረሰ ሰው እንደ ጠላት አይታይ ይላል። እዚያው ገብቶ መክረም ግን የተለየ ስምምነት ይጠይቃል። ባለ አገሩ፣ መጻተኛውን ለጥፋት የማይዳርገው ከሆነ፣ ሊመልሰውም ይችላል። (ይህን ያህል ስለ መንገደኛ የተፈላሰፈው ሰው ከተወለደባት ከተማ ርቆ ሄዶ አያውቅም፤ ቪዛም ጠይቆ አያውቅም።) የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጀው ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 13 ማንኛውም ሰው ከማንኛውም አገር የመውጣትና ወደ ገዛ አገሩ የመመለስ መብት አለው ይልና ስለ ሌላ አገር መግባት ሳይናገር ያልፋል። መውጣት መብት ሆነ፣ መግባት ልመና ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ የእኛን እንግዳ ተቀባይነት ሊያወሳልኝ ይችላል። እውነት ነው፤ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ ደጋ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ የቆመ መንገደኛ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይባላል። መቼ ትሄዳለህ ብሎ የሚያስገባ የለም። ግን እንተዛዘብ። የደጋው ሰው መቼ ትሄዳለህ የማይለው መንገደኛው ጎሕ ሲቀድ አጋሰሱን ጭኖ እንደሚሄድ ስለሚያውቅም ነው። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት የሚለው ተረት የእኛው የራሳችን ነው። ስለዚህ ሹሙ ከአያቶቻችን የከፋ ሰው ነው አልልም። ሁሉም ባለ ቤት እንግዳው የሚሄድበትን ቀን ያስባል።

ታዲያ ወረቀቱን ሳነብ አንዳች ነገር የቆረቆረኝ ለምንድን ነው?

አሮጊቷ መንገዱን የጠቆሙኝ ራሳቸው ናቸው። በማግሥቱ መጥተው «ዋስ እሆናለሁ በል፤ ቤቴን አስይዛለሁ» አሉ። ቤቱ የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ያለው ባለ ሁለት ክፍል ነው። በቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ገቢ ይላል፣ ሥራ ይላል፣ የባንክ ሂሳብ ይላል፤ ዋስ አይልም።

ነገሩን ሳስበው የእኛ የቆየ የሙግት ሥርዐት ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ነው የኖረው። «ይህ ሰው በቀጠሮው ቀን ይቀርባልን?» ይላል ዳኛው። መልሱ ዋስ መጥራት ነበር። ዋስ የሌለው ሰው ከባለጋራው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ ዛሬ «በዐይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ቃል ከዚያ የቀረልን ነው። ጭካኔ የነበረበት ሥርዐት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንድ ጥበብ ነበረው። ዋሱ ስለ ሌላው ሰው ልብ እንዲመሰክር አይጠየቅም። ማንም የማንንም ነገ ሊያውቅ አይችልምና «ባይቀርብ እኔ አለሁ» ማለቱ ብቻ ይበቃል። በመካከሉ የተከሳሹ ልብ ለራሱ ይተውለታል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ለጥቂት አገሮች ዜጎች ከ5,000 እስከ 15,000 ዶላር መያዣ እያስያዘች የጉብኝት ቪዛ የምትሰጥበትን ሙከራ ጀምራለች። ብዙ ሰው በቁጣ ተቀብሎታል፤ እኔም ገንዘቡን ሳስብ ራሴን ይዤያለሁ፤ የጎረቤቴ ቤት ተሽጦ የዚያን ሽራፊ አያወጣም። ቢሆንም ከሐሳቡ ጋር ብቻ ከሆነ ብዙ ጠብ የለኝም። መያዣ ጠያቂው ቢያንስ ሰውየውን ስለ ናፍቆቱ አይመረምረውም።

«እማማ፣ እውነት ትመለሳለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መጠየቄ ነውር መሰለኝ፤ ግን ስሜን የምፈርምበት ወረቀት ነው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉ። «ብትቀር የሚጎዳው ማን ነው? እነሱ አገር አንዲት ልጅ ትጨመራለች። እኔ ቤት ያለችው እሷ ብቻ ናት። ውኃ የምታቀብለኝ እሷ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እጄን የምትይዘኝ እሷ። እንዳትቀር ከነሱ ይልቅ የምፈራው እኔ ነኝ። እየፈራሁ ነው ሂጂ ያልኋት። እናቷን ዐይታ ትምጣ።»

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጣው ሰው በሩን ከፍቶ ቆሟል። ምንም የማያጣው ዘግቶታል። ይህን እንዴት አድርጌ በእንግሊዝኛ ልጻፈው?

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀመርሁት። በመጀመሪያው ላይ እውነቱን አፈሰስሁት። ልጅቷ ከእናቷ ከተለየች ሰባት ዓመት እንደ ሆናት፣ የእናቷን ድምፅ እንጂ ጠረኗን እንደማታስታውስ፣ በስልክ ስታያት መስተዋቱን በጣቷ እንደምትዳስስ ጻፍሁ። አብሮኝ ያስተማረ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ የጻፈ አንድ ወዳጄ አለ፤ አነበበና እስክሪብቶውን አወጣ። «ይህን በሙሉ ሰርዘው» አለኝ። «የዐቃቤ ሕጉን ማስረጃ ራስህ እያቀረብህለት እኮ ነው!»

ገባኝ፤ ሁለተኛውን በእሱ ምክር ጻፍሁ። ልጅቷ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች፤ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተያይዟል። አያቷን እጅግ ትወዳለች፤ ያለ አያቷ እንቅልፍ አይወስዳትም። ጓደኞች አሏት። በግ አላት። እናቷን በተመለከተ ደግሞ፣ በየጊዜው ስለምትደውልላት ያን ያህል አልተራራቁም። ጽፌ ጨርሼ ሳነበው ደነገጥሁ። በእጄ ያለው ወረቀት አንዲት ልጅ እናቷን እምብዛም እንደማትፈልግ የሚመሰክር ሰነድ ነበር። ናፍቆቷ አንድ ቲኬት ለማስቆረጥ የሚበቃ፣ ለመቅረት ግን የማይበቃ መሆን ነበረበት። በዚህ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ የምትገባ ልጅ የት ትገኛለች? ብትገኝስ ልጅ ናት?

የቆረቆረኝ ይህ ነው። ባለሥልጣኑ መጠራጠሩ አይደለም ያስከፋኝ፤ የጥርጣሬው ማስረጃ አድርጎ የያዘው ነገር ነው። «የቅርብ ቤተሰብዎ የሚገኙት በእኛ አገር ነው» ይላል ወረቀቱ። እዚያ አገር ማንም ዘመድ የሌላት፣ ሙዚየማቸውን ልይ ብላ የመጣች የሀብታም ልጅ በዚህ ረገድ ከጥርጣሬ ነጻ ናት። የአክስት ልጅ ጥቂት ትጠረጠራለች፤ የገዛ ልጅ ከሁሉ ይበልጥ። ዝምድናው በቀረበ ቁጥር ደጁ ይጠባል። የልጅ እናትን መፈለግ በየትኛውም አገር ሃይማኖትና ሥነ ምግባር ከተመሰገኑት ነገሮች አንዱ ነው፤ እዚህ መስኮት ላይ ሲደርስ ግን እንደ ክስ ተጽፎ ይመለሳል። በብዙ ሰዎች ላይ ተቆጥሮ ሲታይ ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እናት ያላት ልጅ ከሌላት ይልቅ የመቅረት ዕድሏ ይበልጥ ይሆናል። ግን የብዙዎችን ግምት በአንዲት ልጅ ራስ ላይ አውርዶ «አላሳመኑንም» ማለት ፍርድ ይባላል?

ደግሞ አዋቂ ሰው በዚያ መስኮት ሲቆም የሚያሳየው መያዣ አለው። ቤት፣ የቀንድ ከብት፣ ደመወዝ፣ ሚስት። ከሁሉም በላይ «ልጆቼን ትቼ ነው የምሄደው» ይላል፤ ሹሙም ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋል። ልጅ የአባቷ መያዣ ሆና ኖራ፣ ራሷ መንገደኛ ስትሆን ማንን ታስይዝ? አያቷን ብታስይዝ ቅጹ አያትን አይቆጥርም።

ጎንደር ይህን ሕመም ከሌላው ከተማ ቀድማ ታውቀዋለች። በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች መንደር ነበረች። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. «ዘመቻ ሰለሞን» በተባለው የአየር ጉዞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የቤተ እስራኤል ዘር ሆነው አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉት ግን በዚያ ጉዞ አልተካተቱም። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የተወሰነ ቁጥር እየተፈቀደ ብዙዎች ሄደዋል፤ የእስራኤል መንግሥት በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. ወደ 9,000 የሚሆኑትን ለመውሰድ ወስኖ ነበር፤ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ወደ 5,000 ሰዎች ተጉዘዋል። በየመካከሉ ግን አንዱ ወንድም እዚያ፣ ሌላው እዚህ፤ እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ ሆኖ ቀርቷል። ጎንደር ውስጥ ዛሬ ነገ እየተባለ በመጠበቅ ላይ ሳለ ተወልዶ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው አለ።

ከእነዚሁ ጠባቂዎች መካከል የአንድ የጎንደር ወጣት ታሪክ ከልጅቷ ጉዳይ ጋር በጣም ይቀራረብብኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ በሚደረገው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ዕውቀት ውድድር እንዲካፈል ተመረጠ። የአገሩ የውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀራል ብሎ ሰግቶ በመጀመሪያ ቪዛ ከለከለው። ነገሩ አደባባይ ወጥቶ ተሟጋቾች ከተነሡለት በኋላ ተፈቀደለት። ወጣቱን ቁጭ አድርጎ ያን ሁሉ ምዕራፍ ያስጠናው ለዚያች አገር ያለው ፍቅር ይመስለኛል። ፍቅሩ ባይኖር አይመረጥም ነበር፤ ፍቅሩ ስላለ ደግሞ ተጠረጠረ። ተፈቅዶለት መሄዱ ግን አንድ ነገር ያሳያል። ውሳኔው በሌላ ሰው ዐይን ዳግመኛ ሲታይ ተለወጠ።

ይግባኝ የሚባለው ነገር ዋጋው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ ስለ ግቢው ሲጽፍ፣ አቤት ባዮች ከማለዳ እስከ ምሽት በንጉሡ ደጅና መስኮት ዙሪያ ቆመው፣ በየሚያውቁት ቋንቋ፣ በሚያሳዝን ድምፅ «ጃን ሆይ» እያሉ ፍትሕ እንደሚለምኑ ይናገራል። ለእሱ ከልማዶቻችን ሁሉ ይልቅ ዕረፍት የነሳው ይኸው ጩኸት ነበር። በክረምት ዝናቡ አቤት ባዩን ከመንገድ ሲያስቀረው ደግሞ በክፍያ የሚጮኹ ሰዎች ይቀመጡ ነበር ይላል ብሩስ፤ ንጉሡ በዝምታ ውስጥ ብቸኝነት እንዳይሰማው፣ ክብሩም እንዳይጎድል።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይሥቁ ነበር። ያስቃልም። ለደመወዝ የሚጮኽ ሰው ምን ተበደልሁ ብሎ ይጮኻል? ንጉሡስ ጩኸቱን ሁሉ እየሰማ ስንቱን ፈረደ? አሳምሬ ልናገርለት አልችልም። ሆኖም የጎንደር ግቢ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ አቤቱታ የማይሰማበት ቤት የንጉሥ ቤት አይመስልም። የዛሬዎቹ ግቢዎች በዚህ ረገድ ጸጥታ ይወዳሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1993 በጉብኝት ቪዛ ክልከላ ላይ ይግባኝ ማለትን አስቀረች፤ በ2000 ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ለሚያመለክቱ መለሰችላቸው፤ ሰኔ 25 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ መልሳ ነሳቻቸው። ዛሬ የቀረው የሰብአዊ መብት ክርክር የማንሣት ጠባብ ቀዳዳ ነው። አሜሪካ ለ«214 ቢ» ይግባኝ የላትም፤ የሚቻለው ክፍያውን ከፍሎ እንደገና ማመልከት ነው። የአውሮፓ የሸንገን አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የቪዛ ደንብ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ እንዲነገረውና ይግባኝ እንዲል ፈቅደዋል፤ ክርክሩ በየአገሩ ሕግ ስለሆነ ከጎንደር ሆኖ ማካሄዱ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አለ።

ሕፃናትን በሚመለከትም የተጻፈ ነገር አልጠፋም። እ.ኤ.አ. የ1989 የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያየ አገር የሚኖሩ ልጅ፣ ልዩ ምክንያት ካልከለከለ በስተቀር፣ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው በቀጥታ የመገናኘት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች፤ አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችውም። ይህን አንቀጽ በደብዳቤዬ ላይ ጠቀስሁት። ወዳጄ «አይጎዳም» አለ።

ከእሱ ጋር የተጣላነው በሌላ ነገር ነው። «አንተ ሰው» አለኝ አንድ ማታ፣ «ብትቀርስ? ልጅ ከእናቷ ጋር ብትቀር ምን ኀጢአት አለው? ትመለሳለች ብለህ ጻፍና ትሂድ።» አጥብቄ አሰብሁበት። ከእናቷ ጋር መኖሯ ኀጢአት እንዳልሆነ እስማማለሁ፤ እንዲያውም መብቷ ይመስለኛል። ሆኖም በውሸት ቃል ላይ የሚገነባው ነገር የእሷ ብቻ አይሆንም። እሷን ተከትላ በዚያ መስኮት የምትቆም ሌላ የጎንደር ልጅ አለች፤ የእኔን ውሸት ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት። አንድ ሌላም ነገር አለ። ልጅቷን በዘጠኝ ዓመቷ የማትጠብቀው ቃል ባለዕዳ ላደርጋት ነው። ወዳጄ በበኩሉ «ውሸቱን ያስጀመረው ጥያቄው ራሱ ነው፤ መልስ የሌለውን ነገር ጠይቆ መልስ ካላመጣችሁ የሚል ሰው ምን ይጠብቃል?» ብሎ ተከራከረኝ። ይህንንም ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ ልመልስለት አልቻልሁም።

ሦስተኛውን ደብዳቤ ብቻዬን ጻፍሁት። «ልጅቷ እናቷን በጣም ትናፍቃለች። ይህን መካድ አልፈልግም። ነገ በልቧ የሚሆነውን እኔም፣ እርስዎም፣ እሷም አናውቅም። የምናውቀው እዚህ የሚጠብቃት ቤት እንዳለ፣ የሚጠብቋትም አያት ከእርስዎ ይበልጥ መመለሷን እንደሚሹ ነው። ስለ መመለሷ እሳቸው ዋስ ናቸው» አልሁ። አሮጊቷ አስነበቡኝ፤ በአማርኛ ሰሙ፤ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት። ቅጹ የጣት አሻራ አልጠየቀም ነበር። ወዳጄ የሞኝ ደብዳቤ ነው አለኝ።

መልሱ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። የተጠየቀው ጉብኝት ለሐምሌና ለነሐሴ ስለ ነበረና ጊዜው ስላለፈ ጉዳዩን ማየት አላስፈለገም፤ አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ ይቻላል ይላል። ስለ ዋሱም ስለ ናፍቆቱም አንድ ቃል የለበትም።

አሁን አዲሱን ቅጽ እየሞላን ነው። ልጅቷ አሥር ዓመት ሆኗታል፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለ ጀመረች እኔ ልጻፈው ብላ ቀማችኝ። ስሟን ጻፈች፣ የትውልድ ቦታዋን ጎንደር ብላ ጻፈች፣ ሥራ በሚለው ላይ ተማሪ አለች። የጉብኝቱ ምክንያት በሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሳታየኝ «እናቴን ለማየት» ብላ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፤ ቦታው ስላልበቃት የመጨረሻው ቃል ከመስመሩ ወጣ። ወዳጄ አጠገቤ ነበር፤ ወደ እስክሪብቶው እጁን ሲሰድ እጁን ያዝሁት።